ሐይቅ ዳር የተነገረ መርዶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ ነው። የመንገደኛ ገጠመኝ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰው ፓስፖርቱ ይጠፋበታል ወይም ባቡር ያመልጠዋል። እኔ ምንም አልጠፋብኝም፤ ያመለጠኝም የለም። ግን ያን ጠዋት ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል፤ ለሰው ባወራው ይቀለኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ነው። ለጡረታ የሚፈቀደው ዓመት እንደሞላልኝ፣ ገና ጉልበቴ ሳይደክም፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልጨምር ወጣሁ። ባለቤቴ ጽጌም ዩኒየን ሲቲ ውስጥ ትሠራበት ከነበረው የአረጋውያን መንከባከቢያ በዚያው ሰሞን ለቀቀች። ከዚያ የቆየ ምኞቴን ነገርኳት። ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያለው መኪና፣ ተከራይተን መሀል አውሮፓን እንዙር አልኳት።

"ስትነዳ ኖረህ፣ ለማረፍም መንዳት?" ብላ ሳቀችብኝ።

"ያኔ የምነዳው ሌላ ሰው ወደሚፈልገው ቦታ ነበር" አልኳት። ተሸነፈች፤ ወይም የተሸነፈች መሰለች።

መኪናውን ከሙኒክ ተረከብን። ኦስትሪያን በዝግታ አየናት፤ ጽጌ ከጎኔ ተቀምጣ አቅጣጫ ከሚነግረን ስልክ ጋር ስትከራከር ተራራውን ሁሉ ጨረስነው። ከዚያ ቼክ ገብተን አንድ ሐይቅ ዳር ካምፕ አገኘን። ዙሪያው እንደኛው በሞተርሆም የሚዞሩ ጡረተኞች ናቸው፤ ጀርመን፣ ፖላንድ፣ ሆላንድ፣ የአገሩም ሰዎች። የሰኔ ጾም ስለነበር ጽጌ በየቀኑ ሽሮ ትሠራለች። ሽታው ጎረቤታችንን ወይዘሮ ያናን አመጣቸው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ቀምሰው ባለቤታቸውን ጠሩ። በዚያው ተዋወቅን።

አሁን ስለ ጋሼ ኃይሉ ልናገር። የጽጌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ወደ አሜሪካም ያመጧት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ሳን ሆዜ ነበር። እሁድ እሁድ ሳይደዋወሉ ውለው አያውቁም። ለጽጌ ወንድሟም አባቷም ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽጌ ልብስ ልታጥብ ወደ ካምፑ ማጠቢያ ቤት እንደሄደች ስልኬ ጮኸ። የደወሉት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ወርቁ ናቸው። አቶ ወርቁ የሰው ጤና፣ የልጅ፣ የጎረቤት ሳይጠይቁ ወሬ አይጀምሩም።

"ጽጌ አጠገብህ ናት?" አሉኝ በቀጥታ። እንደሌለች ነገርኳቸው።

ጋሼ ኃይሉ ሌሊቱን በእንቅልፋቸው እንዳሉ አርፈዋል።

"እንዳትነግራት" አሉኝ አቶ ወርቁ። "በሆነ ሰበብ ይዘሃት ና። ቤቷ ገብታ ትደር፤ በማግስቱ ማልደን መጥተን እንነግራታለን። ቀብሩ እሷን ይጠብቃል።"

ወዲያው ልጃችን ማህሌት ደወለች። እዚያው ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እያለቀሰች "ዳዲ፣ ጀስት ቴል ኸር። ሺ ሃዝ ኤ ራይት" አለችኝ።

"የማወቅ መብትማ አላት" አልኳት። "እዚህ ግን ሰው የላትም።"

ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ሁለት ሰዎች የጋሼን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ፖስት አድርገዋል። እንዲያነሱት ቴክስት አድርጋላቸዋለች፤ ግን ሌላው እንደማይለጥፍ ዋስትና የለም። የጽጌ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስቼ ኢንተርኔቱን አጠፋሁት። አባት የሆናትን ወንድሟን ሞት ከስልክ ላይ አንብባ፣ ብቻዋን ስትወድቅ ታየኝ።

ጽጌ እንደተመለሰች ያቀድኩትን ውሸት አወጣሁ። "የሞተሩ ድምፅ አላማረኝም። ወደ ሙኒክ ብንመለስ ይሻላል" አልኳት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን ሳያድር ቀለለ። ጽጌ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ቀጥ ብላ ካምፑ ቢሮ ሄዳ መካኒክ አስጠራች። ሰውዬው ከቅርብ መንደር ከተፍ አለ። ሞተሩን አስነሳ፣ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፣ ዘይቱን አየ፣ አውራ ጣቱን አሳየን። ወይዘሮ ያና አስተረጎሙልን፦ "እንዲህ ያለ ጤነኛ ሞተር ዘንድሮ አላየሁም ነው የሚለው።"

ጽጌ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ስትሰማ ኖረህ ይሄ ጠፋህ? ደክሞሃል ማለት ነው። በል እዚሁ ጥቂት ቀን እንረፍ" አለችኝ። ለመመለስ ያመጣሁት ሰበብ ጭራሽ እዚያው አስቀመጠኝ። "ነገ ደግሞ እሁድ ነው፤ ለጋሼ ደውዬ ጤነኛ ሞተር ታመመ ማለትህን እነግረዋለሁ፣ ይስቅብሃል" ብላ ጨመረች።

ሳህን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። የካምፑ የሳህን ማጠቢያ ጋ ስደርስ ግን አልቻልኩም፤ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቀና ስል ወይዘሮ ያና ድስታቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ታዲያ ለምን አይነግሯትም?" አሉኝ።

"በእኛ መርዶ ሰው ለብቻው አይሰማም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ማልዶ ይመጣል። ሲጮህ የሚይዘው፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ያስፈልገዋል።"

ድስታቸውን አስቀመጡ። "እኛ ደግሞ ሐዘንተኛን ለብቻው እንተወዋለን። ማክበራችን ነው" አሉ።

"እኛ ጋ ለብቻው ከተተወ፣ ሰው የለውም ማለት ነው።"

"የሚመጡት ሰዎች ምን ይላሉ?"

"ምንም አይሉም። አንድ ሽማግሌ ይናገራል፤ ሌላው ይቆማል።"

"ሽማግሌ ከጠፋ አሮጊት ይሆናል?" አሉኝ።

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። "መናገሩን እኔ እናገራለሁ፤ እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ብትቆሙልኝ ይበቃኛል" አልኳቸው። ጎህ ሲቀድ፣ ጽጌ ከቤት ሳትወጣ እንዲመጡ ተቀጣጠርን። ለአቶ ወርቁ ደውዬ እስከ ኦክላንድ መደበቅ እንደማልችል ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ተውኩት።

ጠዋት ቀድሜ ለብሼ ጠበቅኩ። ጽጌ ገና መነሳቷ ነበር። በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

"በዚህ ማለዳ ማን ነው?" አለች። ለበሩ እሷ ትቀርብ ስለነበር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተችው። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

የጠበቅኩት ሁለት ሰው ነበር። ሳሩ ላይ ግን የካምፑ ሰው በሙሉ ቆሟል። ወይዘሮ ያና ከፊት ናቸው። ባለቤታቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከፖላንድ የመጡት ባልና ሚስት እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዱ ሽማግሌ ጥቁር ልብስ ስላልነበረው መሰለኝ፣ ዝናብ ሳይኖር ጥቁር የዝናብ ካፖርት ለብሶ መጥቷል። በመጣን ዕለት "መኪናህ መስመር አልፏል" ብሎ የተቆጣኝ ጀርመናዊ እንኳ ጸጉሩን አበጥሮ ከዳር ቆሟል። ሁሉም ጫማቸው በጤዛ ርሷል። ማንም አይናገርም።

ጽጌ አንድ በአንድ አየቻቸው። እጇ ከበሩ መያዣ ላይ አልተነሳም። ይህን አቋቋም ታውቀዋለች፤ ስንት ቤት በር ላይ እሷም ቆማበታለች። ወደ እኔ ዞረች። ምን እንደምላት ሌሊቱን ሳዘጋጅ አድሬ ነበር።

"ጋሼ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ጮኸች። በዚያ ሐይቅ ዳር እንደዚያ ያለ ድምፅ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ይሸሻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ሰው ወደኋላ አላለም። ወይዘሮ ያና ደረጃው ላይ ወጥተው አቀፏት። ደረቷን መምታት ስትጀምር ያ ጀርመናዊ ፈጥኖ መጣና ሁለት እጆቿን ያዘላት። ይህን እንዲያደርግ ማንም አልነገረውም። እሱም ያለቅስ ነበር፤ ለማን እንዳለቀሰ አላውቅም።

ከዚያ በየመኪናው ያለው ወንበር ሁሉ መጥቶ እኛ በር ላይ ተደረደረ። አንዷ ሻይ፣ ሌላዋ ዳቦ አመጡ። እየተፈራረቁ አጠገቧ ተቀመጡ፤ አብዛኞቹ ከእኛ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። ጽጌ በአማርኛ ስለ ወንድሟ እያወራች ታለቅሳለች፤ እነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀትር ላይ ወንዶቹ የውሃውን ጎማና የመብራቱን ገመድ ጠቅልለው ዕቃችንን ጫኑልን። የወይዘሮ ያና ባለቤት በመኪናቸው ከፊታችን እየመሩ እስከ ዋናው አውራ ጎዳና ሸኙን።

ኦክላንድ ስንደርስ ቤታችን በሰው ተሞልቷል። ቀብሩ በሥርዓቱ ተፈጸመ። ከቀብር መልስ አቶ ወርቁ ሰው ፊት ወቀሱኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሥርዓት ሲፈርስ አይወዱም።

"እንዴት ባዕድ አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ ለብቻዋ ትነግራታለህ?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

ጽጌ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና "ለብቻዬ አልነበርኩም፣ አቶ ወርቁ" አለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቶ ነበር። "ሰው መጥቶልኛል።"

አቶ ወርቁ አየት አደረጓት። በኋላ ሰው ሲቀል ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ስንት ነበሩ?" ብለው ጠየቁኝ። አልቆጠርኳቸውም።

አሁን ሰው ስለ ጉዞው ሲጠይቀኝ ስለ ተራራውና ስላየናቸው ቤተ መንግሥቶች እነግረዋለሁ። ስለ እነዚያ ሰዎች ለማውራት ድፍረቱ ብዙም የለኝም። ከወይዘሮ ያና ጋር እንጻጻፋለን፤ የሌሎቹን ግን ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ላመሰግናቸው ብፈልግ የት አገኛቸዋለሁ?

ድሮ እድሩ ለማላውቀው ሰው መርዶ ሲጠራኝ "ምን ብዬ እሄዳለሁ፣ ሰውየውን አላውቀው" እል ነበር። ዛሬ ሪችመንድም ይሁን ሳን ሆዜ፣ ማልጄ ተነስቼ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ከዳር እቆማለሁ። ምንም አልናገርም።