ሐረጎ ላይ ያለቁ ክርክሮች

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ መውረድ ያስመልሰኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር ከሚሉት ጋር እንዳልቆጠር ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ወንበሩ ጠባብ፣ ከረዳቱ ጋር የሚደረገው ጭቅጭቅ ከችሎቱ የባሰ ነበር። ስለዚህ የኮምቦልቻ ቀጠሮዎቻችንን ከደሴ ሆነን በስክሪን እንድንከራከር ጠበቆች ማመልከቻ ሲያዘጋጁ፣ ቀድመው ከፈረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ተፈቀደልን። አሁን ፒያሳ ካለው ቢሮዬ ሳልነሳ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እሟገታለሁ።

የሚናፍቀኝ እንግዲህ መንገዱ አይደለም። የሚናፍቀኝ ባላጋራዬ ነው።

የፋብሪካ ጠበቃ ናቸው፤ በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። እኔ ከሥራ የተባረሩትን፣ እሳቸው አባራሪዎቹን ወክለን፣ ለዓመታት በቀጠሮ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወርደናል። ከደሴ ስንነሳ ኮታችንን እንደቆለፍን፣ ፋይላችንን ጭናችን ላይ አድርገን ዝም እንላለን። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ኮት ይወልቃል። እሳቸውም ያን ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ።

"ያ ዘበኛህ፣ ወላሂ በለኝ፣ ተኝቶ ነበር ወይስ አልተኛም?"

"ተኝቶ ነበር፣ ጋሼ።"

"እኔም አንተ ስትከራከር እተኛለሁ። ማን አባረረኝ?"

ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል ያደርጉና "ያለፈውን ደመወዝ ተዉት፤ ሰውዬው ይመለስ" ይላሉ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ደንበኞቻችንን እናስማማለን፤ እርቁን ለዳኛው እናቀርባለን። የት እንደታረቅን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም።

በቅርቡ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። የቢስቲማ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በሽመና ማሽን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እናቷ ሞተውባት ለለቅሶ ሄዳ ስምንት ቀን ቆየች። ሦስቱን ቀን ሕጉ ይፈቅዳል። የቀረውን ለአለቃዬ በስልክ ነግሬው ነበር ትላለች፤ አለቃዋ አልሰማሁም ይላል። ተሰናበተች።

"ካሳ መጠየቅ እንችላለን" አልኳት።

"ካሳ ምን ያደርግልኛል? ማሽኔ ላይ መልሱኝ። ካልሆነ ቢስቲማ መግባቴ ነው።"

ሐረጎ ላይ፣ ከሦስተኛው ኩርባ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ከጎኔ አስቀምጫት ስክሪኑን ከፈትኩ። ባላጋራዬ ከራሳቸው ቢሮ፣ ከእኔ ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ ፊታቸው ቴምብር አክሎ ብቅ አለ። ዳኛው የመታረቅ ሐሳብ እንዳለን ጠየቁ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ከደንበኛዬ የተሰጠኝ መመሪያ የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አሉ። ከዚያ እሳቸው የቀረችበትን ቀን ቆጠሩ፣ እኔ ሐዘኗን ተረኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ የሞቱት እናቷ እኮ ናቸው።"

"አውቃለሁ፤ አላህ ይማራቸው። ጥያቄ ካለህ በጽሑፍ ላክልኝ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ፋብሪካው የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቷል። እኔ ያልኩት፣ አንተ ያልከኝ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ያነባል፣ አዲስ አበባ ያሉትም ያነባሉ። እነሱ እያነበቡ እንዴት ብዬ ነው 'ትመለስ' የምለው?"

"ሚኒባስ ላይ ይሉ ነበር።"

"ሚኒባስ ላይ ጠበቃ መች ነበርኩ! ተሳፋሪ ነበርኩ።" ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። "ደግሞ ስክሪን ይምጣልን ብለህ የፈረምከው አንተው ነህ።"

ቴክኖሎጂ ሰውን አራራቀ ለሚሉት አሁንም አልስማማም። እንዲያውም ከመጠን በላይ አቀራረበን፤ ማንም የማይሰማን ቦታ አሳጣን። ሐረጎ ላይ የተባለ ነገር በማንም ፋይል ውስጥ አይገባም ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለታችንም ማንንም ሳንወክል እንቀመጥ ነበር። ያን ግማሽ ሰዓት ዘመድ እንደሚናፈቅ ነው የምናፍቀው።

"እስቲ አንድ ቀን ዝም ብለን እንውረድ፤ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን" አልኳቸው።

"ምን ብለን?"

ድሮም እኛን ያገናኘን ቀጠሮው ነበር።

ፍርዱ በስልኬ ደረሰኝ። ስንብቱ ሕጋዊ ነው ይላል። ይህን እንኳ በስልክ ልነግራት አልፈለግሁም። ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ አስመለሰኝ፤ ኮምቦልቻ በተከራየችው ቤት በር ላይ አገኘኋት። ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ አፉን እያሰረች ነበር። ፍርዱን አነበብኩላት። ይግባኝ እንዳለም ነገርኳት።

ስለ ይግባኙ ምንም ሳትል "ያ የቀረሁበትን ቀን የቆጠረው ሰውዬ ፊቴን አይቶት ያውቃል?" አለችኝ።

ካሜራው የያዘው እኔን ብቻ ነበር። የእሷ የታየው የሻርፗ ጫፍ ነው።

"አላዩሽም" አልኳት።

"እንግዲያ እሱን አልቀየመውም" አለችና ወደ ከረጢቷ ተመለሰች።

እኔን ትቀየመኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።