የዘጠኝ ቁጥር ተረኛ

አንዷለምን ለማወቅ ጣቱን ማየት ይበቃል። ጥፍሩን እስከ ሥጋው በልቶ ጨርሶታል። ሰቆጣ ውስጥ በምንሠራበት መድኃኒት ቤት እኔ መድኃኒት አድላለሁ፣ እሱ ወረፋ ያስከብራል። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ተረጋግቶ አላየሁትም። ጠዋት «ዮርዳኖስ፣ ዛሬ ሰው ይበዛ ይሆን?» ይለኛል። ሰው ከቀረ ደግሞ «ምን ሆነው ቀሩ?» ይላል። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ «አንተ ሲሞላም ጭንቅ፣ ሲጎድልም ጭንቅ» ብዬው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

የስልክ ወረፋ ያመጣውም ይኸው ጭንቀቱ ነው። ድሮ ከገጠር የሚመጣው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ደርሶ ደጃችን ላይ ድንጋይ ይደረድር ነበር። ድንጋዩ ይሰለፋል፣ ባለቤቱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ታዲያ «ድንጋዬን ገፋህብኝ» እየተባባሉ የማይጣሉበት ቀን አልነበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር ፀሐይ ላይ ከወደቀች በኋላ አንዷለም ሳምንት ሙሉ እህል አልበላለት አለ። በመጨረሻ ኮምፒውተር ከሚያውቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ ዘዴ አበጀ። ስልክህን ታስመዘግባለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ወደ ገበያህ ትሄዳለህ፤ ተራህ ሲደርስ መልእክት ይመጣልሃል። በሩ ላይም «ተጠርቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልደረሰ ወደ መጨረሻ ይዞራል። በር ላይ መቆም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ነገሩ ሠመረ። ደጃችን ጸዳ፣ ጠቡም ቀረ። የአንዷለም ጭንቀት ግን ባሰ። «በፊት ማን እንደደከመ፣ ማን እንደባሰበት አይቼ አውቅ ነበር። አሁን የማየው ቁጥር ብቻ ነው» ይለኝ ጀመር። «አሁን ደግሞ ምን ጎደለህ?» አልኩት።

አንድ የገበያ ቀን፣ ስድስት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው ኢንሱሊን ገባ። አሥራ አራት ብልቃጥ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ። ከረፋዱ በፊት ሃያ ሰው ተመዘገበ። ዘጠነኛው ከደሃና የመጡት ቄስ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው እስከዳር የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ቤት ያለው መድኃኒት ከሦስት ቀን እንደማያልፍ ለአንዷለም በመስኮት ሲነግሩት ከመደርደሪያው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እሱም በባትሪ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር።

«አባ፣ እዚህ አይቁሙ፤ ስልኩ ይጠራዎታል። ብቻ ባትሪው አልቆ እንዳይዘጋብዎ» አላቸው።

«እሺ ልጄ፣ አይዘጋም» ብለው ሄዱ።

ስምንተኛው ሰው መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ ለዘጠነኛው መልእክት ተላከ። አልመጡም። አንዷለም ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ወደ በር ወጣ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ስልኩን አየ፣ ተመለሰ። የሚካኤል ዕለት ስለነበር መንገዱ ነጭ ጥምጥም በጠመጠሙ ካህናት ተሞልቷል። የትኛው እንደሆኑ በምን ያውቃል?

«ዮርዳኖስ፣ ስልኩ እኮ ክፍት ነው! ይጠራል!» አለኝ።

አሥረኛው ተረኛ መንግሥቴ የሚባል የከተማችን ሰው ነው። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ «ሕጉን የለጠፍከው አንተ ነህ» አለው። «እናቴ አልጋ ላይ ናት። ሰው አይተህ ነው እንዴ ተራ የምትሰጠው?»

አንዷለም ወደ እኔ ዞረ። «አንዷን ብልቃጥ ብናስቀርላቸውስ?»

«ላልመጣ ሰው? የመጡትን ምን ልንላቸው ነው?» አልኩት። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ለመንግሥቴ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ አንዷለም ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ደወለ። ፍሪጁ ውስጥ አራት ቀረ፣ ሁለት ቀረ። የመጨረሻዋን ለአሥራ አምስተኛዋ ተረኛ ሰጥቼ ፍሪጁን ስዘጋ እሱ እየሮጠ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ከፊት ለፊታችን፣ መንገዱን እንደተሻገሩ፣ የአስማረ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቤት አለ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ጠረጴዛው ላይ አርባ የሚሆን ስልክ ተደርድሯል። አንዷለም እንደገና ሲደውል ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ስልክ በራች። አስማረ የሰው ስልክ አያነሳም፤ ገጠሬው የሚያምነውም በዚህ ነው። በአገጩ ብቻ ከግንቡ ሥር አመለከተን። አንድ ሽማግሌ ቄስ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሆንም።

«አባ፣ ምነው ስልኩን እዚህ...»

«እንዳይዘጋ አላልከኝም? አስማረን ሰካልኝ አልኩት። ሲጮህ እሰማዋለሁ ብዬ ከዚህ አልራቅሁም» አሉ። ሞተሩ ከራሳቸው በላይ ይጮሃል።

አንዷለም እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «አለቀ፣ አባ። ተራዎን አሳለፍኩት።»

ወልድያ የማውቃት ባለመድኃኒት ቤት አለች፤ እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። አንድ ብልቃጥ አላት፣ ታቆይልናለች። አንዷለም ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሄዳል፣ ቢፈጥን ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ እስከ ደሃና መንገድ አለ። ቄሱ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ «ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ...» ብለው ቀጣዩን ጣት ሳያጥፉ ተዉት። አምስት ዓመት የቀለድኩበት ጭንቀት ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

አንዷለም እያለቀሰ ነበር። «አባ፣ እዚህ ከነበሩ ስወጣ ስገባ አላዩኝም? ምነው አንዴ እንኳ ቢጠሩኝ!»

«አየሁህ እንጂ ልጄ» አሉት። «አራት ጊዜ ወጥተህ ስልክህን አየህ። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው መሰልከኝ። በር ላይ አይቁሙ ብለኸኝ ነበርና መጥቼ ላጽናናህ አልደፈርኩም፤ እዚሁ ሆኜ ስጸልይልህ ዋልኩ።»