ሳይጫን የሚናገር ፍላሽ፦ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

ብርዱ ጓንቴን አልፎ ጣቶቼ ውስጥ ገብቷል። ረዳቱ «አንኮበር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ግን ከሚሰማው ሳል የቆጠርኩት ሦስት ሰው ብቻ ነው።

ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የገደሉንና የጉሙን መልክ ከእኔ እንዳይጠብቅ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንገቴ ላይ በክር ባንጠለጠልኩት ፍላሽ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልገውም። ፍላሹ ሲሰካ ከዚያው ይነሳል፣ ሲነቀል ምንም ሳይተው አብሮኝ ይወጣል። በእሱ የተነሳ የትምህርት ቤቱም፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱም ኮምፒውተር ለአንድ ሰዓት የእኔ ይሆናል።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ከአንኮበር ደወሉልኝ። ስልኬን የሰጣቸው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ባለቤታቸው መምህር ሙሉጌታ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ግላኮማ ዓይናቸውን ጨርሶ ወሰደው። ትምህርት ቤቱ ከክፍል አውጥቶ መዝገብ ቤት አስቀመጣቸው። እዚያ የሚሠሩት ስለሌለ አብዛኛውን ቀን ከቤት አይወጡም።

«ዓርብ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሊያስገባ ነው» አሉኝ። «ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው። እባክሽ እህቴ፣ ከዚያ በፊት ድረሽልን።»

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ነፋሱ በግራ መስኮት ይገባል። የበግና የእርጥብ ገብስ ሽታ አለው። ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ዳገት ይሁን ቁልቁለት አውቃለሁ። ጆሮዬ ድው ብሎ ሲዘጋና ሲከፈት ደግሞ የደጋው ጫፍ ላይ መሆናችን ይገባኛል።

ሹፌሩ ከፊት ወንበር አስቀምጦኛል። «አንገትሽ ላይ ያለው ፍላሽ ዘፈን ነው?» አለኝ።

«አይደለም፣ ያነብልኛል።»

«ምኑን?»

«ኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ሁሉ።»

ሁለት ኩርባ ካለፍን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ዓይን እያለኝ ነው ሰው የሚያነብልኝ። ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» አለ። ለካ እኔና እሱ ደብዳቤ ሲመጣ የምንጨነቀው አንድ ዓይነት ጭንቀት ነው።

3 ሰዓት፣ ጎረቤላ፣ የአንኮበር ወረዳ ከተማ

ወይዘሮ አሰለፈች እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነው። ቤት ገብተን ትኩስ የጢቢኛ ዳቦ በሻይ አቀረቡልኝ። መምህር ሙሉጌታ ጥግ ላይ ነበሩ። ሰላም ሲሉኝ እጃቸው እጄን ለማግኘት አየሩ ላይ ትንሽ ዞረ፣ የእኔም እንዲሁ። ሁለታችንም ሳቅን።

«እንኳን ደህና መጣሽ መምህርት» አሉ። «ድካምሽ ግን በከንቱ ነው። አንቺ በልጅነትሽ ተማርሽው። እኔ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ።»

«አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

«ሂድ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «ሰው ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ!»

5 ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ

የቢሮው ጸሐፊ ትዕግሥት ትባላለች፣ ድምፅዋ ገና የልጅ ነው። «ኮምፒውተሩ ላይ ምንም መጫን አይቻልም። ፓስወርዱ እኛ ጋ የለም» አለችኝ።

«አንጭንም። ሰኪውና ከፍተሽ የመጀመሪያዋን ምልክት ንኪልኝ።» ማሽኑ መናገር እስኪጀምር ድረስ እኔም የሰው ዓይን ያስፈልገኛል።

«እሺ... ወይኔ! ቀይ ነገር ወጣ። ቫይረስ ነው ይላል።»

«ቆይ፣ ምንም እንዳትነኪ!»

«ራሱ አጠፋው።»

አንቲቫይረሱ ፕሮግራሜን ቫይረስ መስሎት ሰርዞታል። መምህር ሙሉጌታ በትራቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ። «አላልኩሽም አሰለፈች? እንሂድ በቃ» አሉ። ሌላ ቅጂ በዚፕ፣ ማለትም በታሸገ ፋይል፣ አስሬ እዚያው ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ግን እዚህ ብፈታው ይሄው አንቲቫይረስ ይበላዋል።

«ሌላ ኮምፒውተር የላችሁም?»

«መዝገብ ቤት አንድ አሮጌ አለ። ኢንተርኔትም፣ አንቲቫይረስም የለውም።»

«የምፈልገው እሱን ነው።»

አሮጌው ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ድምፅ ማጉያ ስለሌለው የማዳመጫዬን አንዱን ጆሮ ለእሳቸው ሰጥቼ ሌላውን እኔ አደረግሁ። ትዕግሥት ዚፑን ፈታች፣ ነካች፣ ጠበቅን። ከዚያ ያ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ መጣ። መጥበቅ ያለበትን ያላላል፣ መላላት ያለበትን ያጠብቃል።

«ይሄ ማነው? ፈረንጅ ነው?» አሉ መምህር ሙሉጌታ።

«ይለመዳል። ምን ያንብብልዎት?»

አሰቡ። «ደብዳቤዬን።»

ትዕግሥት ከቢሮው ኮምፒውተር ደብዳቤውን በሌላ ፍላሽ አመጣችው። ከቁልፎቹ የታች ቀስቱን ጣታቸው ሥር አደረግሁላቸው። አንድ መስመር፣ ሁለተኛ መስመር፤ ከዚያ ማሽኑ በዚያው ስሜት በሌለው ድምፅ፣ «ሁለቱም ዓይኖቼ በመጥፋታቸው ከእንግዲህ ለማንኛውም ሥራ የማልጠቅም በመሆኔ» አለ።

ጣታቸው ቆመ። የላይ ቀስቱን ፈልገው አገኙና ደግመው አዳመጡ። የምንሰማውን ከሁለታችን በቀር ማንም አይሰማም ነበር።

«ትዕግሥት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለማንኛውም ሥራ አልጠቅምም ያልኩሽ እኔ ነኝ?»

ወንበር ተንቋቋ።

«ቲቸር... እርስዎ ያሉኝ ‹በዓይን ሕመም ምክንያት› ብቻ ነው። ከድሮ ደብዳቤ የወሰድኩት ነው። እንዲህ ከተባለ ቶሎ ይፈቀዳል ብዬ ነው። ይቅርታ።»

«ልፈርምበት ነበር እኮ» አሉ። አልጮኹም። «አሰለፈች፣ ስሜን ልጽፍበት ነበር።»

ወይዘሮ አሰለፈች አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ። መምህሩ ወደ እኔ ዞረው፣ «ማጥፊያው የቱ ነው?» አሉ።

አሳየኋቸው። የጠፋውን እያንዳንዱን ፊደል ማሽኑ ይጠራል። «ኔ... ሆ... መ... በ...» ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ያቆማሉ ብዬ ነበር፤ አላቆሙም። ደብዳቤው ከላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ ባዶ ሆነ።

8 ሰዓት ተኩል

አራት መስመር ለመጻፍ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ጣቶቻቸው ግን ፊደሎቹን አልረሱም፤ ለዓመታት የትምህርት ማስታወሻቸውን ሲተይቡ የኖሩ ጣቶች ናቸው። መልቀቂያ አልጻፉም። ወደ ክፍል መመለስ እንደሚፈልጉና በምን እንደሚሠሩ ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ አነበበው።

«የተማሪዎቹን ፈተና ማን ያርምልዎታል?» ሲል ጠየቀ።

«እሱን ገና አላወቅሁም» አሉ መምህር ሙሉጌታ።

ያ መልስ ደስ አለኝ። እኔም ስጀምር ብዙውን አላውቅም ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ሰኞ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለ። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም።

ከመውጣቴ በፊት ትዕግሥት ከመሳቢያዋ አንድ ፍላሽ አመጣችና በአሮጌው ኮምፒውተር የፕሮግራሙን ፎልደር እንዳለ ቀዳችበት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰክታ ሞከረችው፣ ሠራ። ከዚያ መምህሩ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

ከሚኒባሱ ወርጄ ባጃጅ እየጠበቅሁ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው።

«በሰላም ገባሽ?»

«ገባሁ። መምህር እንዴት ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እዚያው መዝገብ ቤት ጥዬው ነው የመጣሁት» አሉ። «የድሮ ማስታወሻውን እያስነበበ ነው። ጥበቃው በሩን ልዝጋ ቢለው ‹ገና አባይ ሸለቆ ላይ ነኝ› አለው አሉ። አሁን ተመልሼ ላመጣው ነው። እራቱ ቀዘቀዘ፣ እኔም እግሬ አለቀ! ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ነበር፣ ማንበብ ከጀመረ ቤት ያለው አይመስለው!»

እያማረሩ ዘጉት። ባሏ ያመሸባት ሴት ሁሉ የምትናደደው ዓይነት ንዴት ነበር። ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባውን እስኪነፋልኝ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።