ምራቅ ያልነካው ስኳር

ጆሮ ያለህ ጆሮህን አቅና፤ የሌለህም ከጎረቤት ተዋስ! ባለ ሁለት ቁም ሳጥኑ ቤተ ሙከራ የበላይ ጠባቂ፣ የተሰነጠቁ ብልቃጦች ሁሉ እመቤት፣ ቁመቷ ከጥቁር ሰሌዳው ወገብ የማያልፈው የባዮሎጂ መምህርት ዛሬ ከሳይንስ እውነት ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለችና መንገድ ልቀቅ!

ተማሪዎቿ “ቁልፌ” ይሏታል። ስለ ኢንዛይም ባወራች ቁጥር፣ “አንድ ቁልፍ ለአንድ በር! የምራቅ ኢንዛይም ስታርችን ይሰብራል እንጂ የሻይ ስኳርን ዞር ብሎ አያይም” ሳትል ስለማትውል ነው።

የዛሬው ግን የዘወትሩ ስብከት አልነበረም። ትምህርቷን የሚመዝን ተቆጣጣሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ከፈረመላት በመምህርነቷ ትጸናለች፤ ካልፈረመላት ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዳ የሰባራ ወንበር ዘበኛ ትሆናለች። ሰውዬው አንገቱን በከረባት አንቆ ተኮፍሷል። ከተመረቀ ወዲህ ብልቃጥ የነካው የሳል ሽሮፕ ሊጠጣ ብቻ እንደሆነ ፊቱ ይመሰክራል።

ልጆቹ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ምራቅ አጠራቀሙ።

“ቲቸር፣ የሱን እንዳይወስዱ፣ መርዝ ነው!” አለች አንዷ አጠገቧ የተቀመጠውን እየጠቆመች።

“የሷ ደግሞ ወሬ እንጂ ኢንዛይም የለውም” አለ እሱ።

መምህርቷ ሦስት ቱቦ ደረደረች። በአንደኛው ስታርችና ምራቅ፣ በሁለተኛው የስኳር ውሃና ምራቅ፣ በሦስተኛው ምራቅ ያልነካው የስኳር ውሃ። ጥቂት ካቆየቻቸው በኋላ በሁሉም ላይ ሰማያዊውን መፈተኛ ፈሳሽ ጨምራ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው። ይህ ፈሳሽ ተራ ስኳር ሲያገኝ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ የተሰበረ ስኳር ሲያገኝ ግን ይቀላል። እንግዲህ ምራቁ ወደ ስኳር የሚሰብረው ስታርች ይቀላል፣ ሁለቱ የስኳር ቱቦዎች ንቅንቅ አይሉም። መጽሐፉ ብሏል፤ እሷም ከመጽሐፉ ቀድማ ብላለች።

ስታርቹ ቀላ።

“ይኸው!” አለች ደረቷን ነፍታ።

ሁለተኛውም ቀላ። የነፋችው ደረት ተነፈሰ። ቁልፉ የሰው በር ከፈተ ማለት ነው? ይህን ሳትጨርስ ሦስተኛውም እንደ ጡብ ቀልቶ ቁጭ አለ። ግራ ገባት። ምራቅ ያልነካው ስኳር ማን ሰበረው? ቁልፍ በሌለበት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቱቦውን አሸተተችው፤ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፤ ቀለሙ የሚመለስ ይመስል አስቀምጣ መልሳ አነሳችው።

“መምህርት፣ እንዲህ ነው የሚሆነው?” አለ ተቆጣጣሪው።

“አይደለም፣ ጌታዬ።”

“ታዲያ ለምን ሆነ?”

“እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።”

የስኳሩን ውሃ ያዘጋጀላት ባሏ ነበር፤ ኬክ ሠሪ ነው። “ስኳር ማሟሟት የኔ ሙያ ነው፣ አንቺ አርፈሽ ተኚ” ብሎ ከሥራ ቦታው በጠርሙስ ይዞላት መጣ። አሁን ኮሪደር ወጥታ ደወለችለት።

“አንተ ሰው፣ ስኳሩ ውስጥ ምን ጨመርክ?”

“ምን እጨምራለሁ? ስኳርና ውሃ ነው፤ አፈላሁት።”

“ሌላስ?”

“ሎሚ ጠብ አደረግሁበት ነዋ! ሎሚ የሌለው ሽሮፕ እኮ አድሮ ጠጠር ይሆናል። ሚስቴን እንግዳ ፊት ላዋርዳት እንዴ?”

ግድግዳውን ተደገፈች። ሎሚና እሳት ተባብረው ስኳሩን ከትናንት ጀምረው ሰብረውታል። ምስኪኑ ኢንዛይም በሌለበት ተከሷል። ባሏን እንዳትሰድበው ያዋረዳት ላለማዋረድ ብሎ ነው፤ እንዳታመሰግነው ደግሞ እንጀራዋ በክር ተንጠልጥሏል።

ተመልሳ ሁሉንም ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“ከመምህራን ማረፊያ ንጹሕ ስኳር አስመጥቼ እንደገና ልሥራው” ብላ ለመነች።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል” አለ ተቆጣጣሪው። ቀጥሎ ድምፁን አለስልሶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። “ለምን ይጨነቃሉ? ልጆቹ ‘ሰማያዊ ሆኖ ቀረ’ ብለው ይጻፉ። መጽሐፉ የሚለውም ይህንኑ ነው። እኔም ፈርሜ እሄዳለሁ።”

እዩልኝ ይህን ሊቅ! ዓይን ከወረቀት ሲጣላ ዓይን ይቀጣል የሚል የዕውቀት አባት።

“ቲቸር፣ ምን ብለን እንጻፍ?”

ምን ይበሉ? መጽሐፉ አልዋሸም። ቱቦውም አልዋሸም። ባሏም በሙያው አልተሳሳተም። ሁሉም ልክ ሆኖ ነገሩ ጠማማ የሆነበትን ቦታ ፈልጋ አጣችው። ሰማያዊ ቢሉ ለእውነተኛው ሕግ የሐሰት ምስክር ይቆማሉ፤ ቀይ ቢሉ ሕጉን ራሱን ሐሰተኛ ያስመስሉታል፤ እሷም ወንበር ጥበቃ ትወርዳለች። አፏ ግን ከራሷ ቀደመ።

“ያያችሁትን ጻፉ። ቀይ። ከሥሩ ‘ስኳሩ በሎሚ ፈልቶ ነበር’ በሉ።”

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከድኖ ወጣ።

ይኸው አሁን እግር የሌላቸው ወንበሮች መሐል ተቀምጣ የሠራችው ጀግንነት ይሁን ጅልነት ታወጣለች፣ ታወርዳለች፤ አልለየላትም። እኔም አልፈርድላትም። ይልቅ አንተ፣ ከዳር ሆነህ “አይ ሞኟ!” የምትለው አንባቢ፣ እስቲ እጅህን አውጣና ለዚህች ሴት አንድ ነገር ንገርልኝ፦ ቀይ እያየህ ሰማያዊ ነው ብለህ የፈረምህ ዕለት፣ ማታ ልጆችህ ፊት ስትቀመጥ ምን ቀለም አየሁ ትላቸዋለህ?