ያልተካሄደው ጨዋታ

ይህን ስነግራችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ የገዛ ሚስቴም አላመነችኝም። እኔ እንድሪስ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ጭራሽ ያልተካሄደ የእግር ኳስ ጨዋታ በሐይቅ ገበያ ላይ ጎል በጎል አስተላልፌ ሦስት ለአንድ ጨርሻለሁ፤ በዚያ ውጤትም አንድ የተከበረ ሰው ማልያ ለብሶ ገበያውን ሙሉ ዞሯል። ነገሩን የሚያስታውሰኝ ሽታ ነው። ጸሐይ ላይ የዋለ ባትሪ ድንጋይ አንድ ሽታ አለው፣ ዝገት ዝገት ይላል፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ባለፈው ሰሞን የድሮ የእጅ ባትሪ ከፍቼ ስጎረጉር ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ብድግ አድርጎ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ወስዶ አስቀመጠኝ።

አባቴ ሙሄ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሆኖ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሬዲዮና እኔ ነበርን ያለንበት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ወታደር የጫነ መኪና ሲያልፍ የሱቁ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ከገበያ ጠፍቶ ሁሉም ለጦሩ ነው የሚሄደው ይባል ነበር። ስለዚህ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አይጣልም፤ ሰኞ ሰኞ አውጥተን እናቴ በርበሬ ከምታሰጣበት ሰሌን ጫፍ ላይ እንደረድረውና፣ ሳምንቱን ሙሉ ጸሐይ ሲመታው ሰንብቶ እሑድ ትንሽ ነፍስ ይዘራ ነበር። ያቺ ትንሽ ነፍስ የምትበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእሑድ ከሰዓቱ የስፖርትና የሙዚቃ ፕሮግራም። በከተማው ሌላ ድንጋይ ያለው ሬዲዮ ሁለት ቤት ብቻ ነበር፣ አንደኛው ባለቤት ከዜና ሌላ አይሰማም፣ ሌላኛው ደግሞ የሰማውን ለሰው መንገር የሚያሳንሰው ይመስለው ነበር።

እንግዲህ የሳምንቱን ወሬ ለሕዝብ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። በገበያ ቀን ከአምባሰል ተራራ የሚወርደው ሰው ቀሚሱን፣ ሱሪውን ሊያስጥፍ አባቴ ጋ ይመጣል፣ እስኪሰፋለት ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ እወጣና እጀምራለሁ። ስለራሴ ማውራት አልወድም፣ ግን የሬዲዮው ጋዜጠኛ የሚናገረው ጎሉን ብቻ ነበር፤ በረኛው በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ኳሱ ሲያልቅ ወደ ዘፋኞቹ እገባለሁ፣ ማን አዲስ ካሴት አወጣ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ እላለሁ። የአምባሰል ሰዎች ለጸቡ ግድ አልነበራቸውም፤ ዘፋኙ አምባሰልን በወጉ ዘፈነው ወይስ አበላሸው የምትለዋን ብቻ አጥብቀው ይጠይቁ ነበር፣ እኔም ዜማውን በአፌ እያንጎራጎርኩ አሰማቸዋለሁ፣ ሲያዝኑም ሲደሰቱም ስህተቱ የኔ ይሁን የዘፋኙ አይለዩም ነበር።

ክረምት ሲገባ የአባቴ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የአያ አራጋው ወሬ ግን ይሞቃል። አያ አራጋው ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጣ፣ ከአባቴ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነበር። አባቴ የአዲስ አበባዎቹን ሰማያዊ ለባሾች ይደግፋል፣ እሱ አረንጓዴ ለባሾቹን፤ ሁለቱም አንድም ቀን ስታዲየም ረግጠው አያውቁም፣ ሲከራከሩ ግን ትላንት ማታ ከተጫዋቾቹ ጋር እራት የበሉ ነው የሚመስሉት። በዚያ ክረምት፣ መስከረም ላይ ሁለቱ ቡድኖች እንደሚገጥሙ ተሰማና አያ አራጋው የተሸነፈ ይቀጣ አለ። አባቴ ውርርድ ሐራም ነው ብሎ እምቢ አለ። አያ አራጋው አሰብ አደረገና ገንዘብ ከሌለበት ውርርድ ሳይሆን ስምምነት ነው ሲለው፣ አባቴም እሱ ሌላ ነገር ነው ብሎ ተስማማ። ስምምነቱም የተሸነፈው ሰው ያሸነፈውን ቡድን ማልያ ለብሶ በገበያ ቀን ከመስጊዱ እስከ መኪና ማቆሚያው እንዲዞር ነበር። አባቴ ያኔውኑ ሁለቱንም ማልያ ቆርጦ ሰፋ፣ ሰማያዊውን ከተማሪ ዩኒፎርም ትርፍ፣ አረንጓዴውን ከመጋረጃ ቁርጥራጭ።

መስከረም ጠባ፣ አደይ አበባ ወጣ፣ የጨዋታው እሑድም ደረሰ። አያ አራጋው ከዋዜማው ግሸን ማርያምን ሊሳለም ሄዷል። አባቴ ደግሞ አምባሰል ዘመድ ሞቶበት በጠዋቱ ለቅሶ ወጣ። ሲወጣ ሬዲዮውን ሰጠኝና ከአሥር ሰዓት በፊት እንዳልከፍተው ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ምን ላድርግ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው እያዩኝ ነበር፣ ሬዲዮ በእጁ ይዞ ዝም የሚል ልጅ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ከዘፈን ወደ ዘፈን እያገላበጥኩ፣ እነሱም እስክስታ እየመቱ፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ድምፁን ቀነስ ጨመር እያደረግኩ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየን። አሥር ሰዓት ላይ መልሼ ስከፍተው የጋዜጠኛው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ «ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጨዋታ...» ብሎ ጥፍት አለ። ድንጋዩን አውጥቼ ነከስኩት፣ በብብቴ አሞቅኩት፣ የማውቀውን ወልይ ሁሉ በስም እየጠራሁ ዱአ አደረግኩ። ሬዲዮው ዝም።

በገበያው ቀን ሱቁ ደጃፍ በሰው ሞላ። አባቴ በዚያው ጠዋት ከለቅሶው ተመልሷል፣ አያ አራጋውም ከግሸን ገብቶ በሩ ዘንድ ቆሟል። አልሰማሁም ብል ሬዲዮውን በጠዋት እንደከፈትኩ ይታወቅብኛል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ወጣሁና ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ ደግሞ እኔን ማን ያቆመኛል። የመጀመሪያውን ጎል በቅጣት ምት አስገባሁ። ሁለተኛውን በግንባር። ለአያ አራጋው አዘንኩና ለአረንጓዴዎቹም አንድ ጎል ሰጠኋቸው። ሦስተኛው ሲገባ ጸሐይዋ ከማቃጠሏ የተነሳ የአረንጓዴዎቹ በረኛ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ኳሷን ሲፈልጋት ከኋላው አልፋ መረብ ውስጥ ተኝታ አገኛት። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

አያ አራጋው ብቻ ትኩር ብሎ አየኝ። «ጸሐይ ነበር ነው ያልከው?»

«በጣም እንጂ አያ አራጋው።»

ከኋላ አንድ ነጋዴ ይኸ ልጅ ከሆዱ እያወጣ ነው አለ፣ አንድ ሁለት ሰዎችም አጉረመረሙ። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስፌት መኪናው ተነሳ። አባቴ ጨርቅ ሲሸጥ እንኳ የማይምል ሰው ነበር፣ ነጋዴ ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ወላሂ በሚልበት ገበያ የሱ ዋጋ ያለ መሐላ ነበር የሚታመነው።

«ወላሂ» አለ፣ «የኔ ልጅ ያልሰማውን አይናገርም።»

እኔ ከሣጥኑ ልወርድ አንድ እግሬን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። አያ አራጋው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን አየና ኮቱን አወለቀ። «ማልያውን አምጣው» አለ።

ሰማያዊውን ለብሶ ዞረ። ጠብቦት እምብርቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጆች ተከተሉት፣ ባለሽንኩርቶቹ ሴቶች ዓሣው በዚህ ልብስ ካየህ ካገሩ ይሰደዳል እያሉ ቀለዱበት፣ እሱም ባርኔጣውን እያነሳ እንደ ሙሽራ እጅ ይነሳ ነበር። አባቴን ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ እኔም ከሣጥኑ ወርጄ አብሬው ሳቅኩ።

ጥቅምት ላይ አንድ ሹፌር ለአባቴ አዲስ ድንጋይ አመጣለት። እሑድ እሱ እየሰፋ፣ እኔ ቁልፍ እየለቀምኩ፣ ሬዲዮው እንደ ጎረምሳ ወፈር ባለ ድምፅ «በከባድ ዝናብ ምክንያት ተላልፎ የነበረው ጨዋታ በመጪው እሑድ...» አለ። የአባቴ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ቀበቶው የት እንዳለ አውቃለሁና እሱን እሱን ሳይ፣ አባቴ ግን አልነካኝም።

«የማልኩት ባንተ ነው» አለኝ።

ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁን ዘጋና እጄን ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ፣ መንገድ ላይም በሚቀጥለው ገበያ እዚያችው ሣጥን ላይ ራሱ ወጥቶ በውሸት መማሉን ለሰው እንደሚናገር ነገረኝ። አባቴን ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ያ ነጋዴ ሲስቅበት አሰብኩና ዕንባዬ መጣ።

አያ አራጋው ዳር ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር፣ ያንኑ ሰማያዊ ማልያ የሥራ ልብስ አድርጎታል። አባቴ ፊቱ ቆመና «አራጋው፣ አውፍ በለኝ» አለው። «በማላውቀው ነገር ምዬ አዋረድኩህ።»

አያ አራጋው ከመረቡ ቀና አላለም። «ዝናቡን ነው?»

«ታውቅ ነበር?»

«ግሸን ላይ ሰማሁት። ሰኞ ከአዲስ አበባ የተነሱ ተሳላሚዎች ሜዳው ኩሬ ሆኖ ዋለ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ለበስከው?»

«ወላሂ አልክ። ካወቅኩህ ጀምሮ ስትምል ሰምቼህ አላውቅም፣ ሙሄ። በገበያ መሀል መሐላህን ላፍርስብህ? ለአንድ ሸሚዝ ብዬ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የመረቡን ሌላ ጫፍ ያዘለት። አያ አራጋው እኔን ጠራኝ። «አንተ ግን» አለኝ፣ «ጎሉስ ይሁን፣ ያን ሁሉ ጸሐይ ከየት አመጣኸው?»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ቀጥሎ ሁለቱም መረቡ ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። ገበያ ላይ መናገሩን ግን አያ አራጋው ከለከለ፣ አንዴ የሳቁብኝ ይበቃል፣ ደግሞ በነፃ ዞረ ብለው ሊስቁብኝ ነው አለ። በኔ ላይ የፈረደው ያልሰማሁትን ስጠየቅ አላውቅም እንድል ነው፣ እዚያው ሦስት ጊዜ አስባለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ የከበደ ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።

አባቴ ለመሐላው ሦስት ቀን ጾመ። ለሦስተኛው ቀን ማፍጠሪያ አያ አራጋው ትልቅ ዓሣ ላከ፤ ሥጋችን የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ የየራሳችን ቢሆንም ዓሣው የሁላችን ነበር። ጨዋታው በእውነት ሲካሄድ ሦስታችን ሬዲዮውን ከበን ሰማነው፣ አረንጓዴዎቹ አንድ ለዜሮ አሸነፉ፣ አባቴም በገበያው ቀን የመጋረጃውን ማልያ ለብሶ ወጣ። ገበያው የሚያውቀው ሰማያዊው ቡድን ማሸነፉን ብቻ ስለነበር፣ ለምን አረንጓዴ እንደለበሰ ማንም አልገባውም። አያ አራጋውም ሰማያዊውን ለብሶ መጣና ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከመስጊዱ እስከ መኪና ማቆሚያው ሄዱ።

ዛሬ ከዐረብ አገር የተመለሰው የእህቴ ልጅ ኳሷ መረብ ሳትነካ ውጤቱን ከስልኩ ይነግረኛል። ያኔ ወሬ ሳምንት ቆይቶ ይደርስ ነበር፣ ስም ያለው ሰውም አብሮት ይቆም ነበር፤ አሁን በደቂቃ ይደርሳል፣ ማን እንደላከው ግን አይታወቅም። በቅርቡ ጦርነት መብራትም ኔትወርክም በጠፋ ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሶች የሞተ ስልካቸውን ይዘው ደጄ ተሰበሰቡና «ጋሼ እንድሪስ፣ የሰሞኑን ኳስ ንገረን እንጂ» አሉኝ። የከበዳቸውን ነገር የሚያስረሳ ስንት ጎል በአፌ ሞልቶ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። እኔ ይህን ቃል ማለቴን የማያምን ካለ ሐይቅ ይምጣና አስፋልቱ ዳር የሚቆሙትን ባጃጅ ነጂዎች ይጠይቅ፤ ከነሱ አራቱ ያን ቀን ደጄ ነበሩ፣ እስካሁንም ይስቁብኛል።