የታጠቁ ሰዎች መኪና ጠባቂ

ኤልዉድ ታኬት ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ አልጠፋበትም፤ አንድ ልጅ አልወደቀበትም። ጡረታ ሲወጣ የሰጡት የግድግዳ ሰዓት ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ቆመ። እኛ የኦክላሆማ ሰዎች ታማኝነትን የምናመሰግነው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ሥራ በዓመት አራት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በትርዒት ሜዳችን የሚቆመውን የጠመንጃ ገበያ መኪናዎች መጠበቅ ነበር። የተሰጠው ብርቱካናማ ሰደርያና አንድ ፊሽካ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ የታጠቀ ሰው ንብረቱን ፊሽካ ለያዘ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አደራ ብሎ ይገባል። ብዙ ዓመት ፍልስፍና አስተምሬአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስቅ ነገር ለተማሪዎቼ አግኝቼላቸው አላውቅም። ሜዳው ላይ ግን ሲስቅ ያየሁት ሰው የለም።

የገበያው ደንብ እንዲህ ነው፦ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ገበያው ወደሚቆምበት አዳራሽ አይገባም። በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ጥይቱን ያወጣሉ፣ ቃታውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያስራሉ። ደንቡ የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት አንዱ ጀግና ሽጉጡን ለሌላው ጀግና ሲያሳይ የገዛ ጫማውን ከነአውራ ጣቱ ስለ በሳው ነው። ታዲያ ጥይቱን ለማስወጣት ወረፋ መቆም ያስፈልጋል። ወረፋ ደግሞ ለእኛ ሰው ውርደት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሽጉጡን ከመኪናው ወንበር ሥር ይወሽቅና እጁን እያወዛወዘ ይገባል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የገበያው ባለቤት ሮይስ ኬገል ትኬት ለቆረጠ ሁሉ አንድ ተለጣፊ በነጻ ያድላል፤ «ይህ መኪና ታጥቋል» የሚል ጽሑፍና የሽጉጥ ሥዕል አለበት። ሰዎቹ ተለጣፊውን ይዘው ደስ እያላቸው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ፣ የኋላውን መስታወት በመዳፋቸው ወልውለው ይለጥፋሉ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ያደንቃሉ። ከዚያ ሽጉጡን እዚያው ትተው ይገባሉ። ቁልፍ የሚገዛ ሰው ዕቃው እንዲጠበቅለት ይፈልጋል፤ ተለጣፊ የሚለጥፍ ሰው የሚፈልገው መታየት ነው። ታየም። በሦስት ገበያ የአሥራ አራት መኪና መስታወት ረገፈ፤ ከአሥራ አራቱም ሽጉጥ ተወሰደ።

በመስከረሙ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮይስ ኤልዉድን ከትኬት መቁረጫው ጀርባ ጠራው። እኔ ትኬት ለመግዛት ቆሜ ስለ ነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ኤልዉድ፣ ሰው እያወራ ነው።»

«ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«ስለ አንተ ነው የሚያወራው። ለሌቦቹ የሚጠቁማቸው ጠባቂው ነው ይላሉ። እኔ አላምንም፤ ደግ ሰው ነህ። ግን በዚህ ገበያ አንድ መስታወት ከተሰበረ ለማመን እገደዳለሁ። ለሸሪፉም እነግራለሁ።»

ኤልዉድ ፊቱ ደም መሰለ። «የእነዚህን ሰዎች ልጆች እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሜአለሁ፣ ሮይስ።»

«እሱ ድሮ ነው።»

ኤልዉድ ከሰደርያው ኪስ የታጠፈ ካርቶን አወጣ። ሜዳውን በእርሳስ ስሎበታል፤ የተሰበሩት መኪናዎች የቆሙበትን ሁሉ ምልክት አድርጎበታል። «ተመልከት። አሥራ አራቱም ተለጣፊህ ነበረባቸው። ይቺን መኪና ደግሞ እያት። መካከል ላይ የቆመች፣ ወንበሯ ላይ አዲስ ኮርቻ በግልጽ የተቀመጠባት፣ ተለጣፊ የሌላት። ግራና ቀኟን ሰበሩ፣ እሷን አልነኳትም። ሌባው ኮርቻ አይፈልግም። ሽጉጥ ያለበትን መኪና በተለጣፊህ የምትነግረው አንተ ነህ።»

«ተለጣፊው ያስፈራል እንጂ አይጠራም!»

«እስካሁን ማንን አስፈራ?»

«አየህ ኤልዉድ፣ አንተ ሹፌር ነህ። የሰውን ልቦና ለእኛ ተወው» አለና ሮይስ ካርቶኑን ሳያየው መለሰለት።

ቅዳሜ በሰላም አለፈ። እሑድ ጠዋት ኤልዉድ በሜዳው መግቢያ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ነጂ ይለምን ጀመር፤ ሽጉጣችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ካልሆነም ቤት መልሱት፣ ተለጣፊውን እዚህ አትለጥፉ እያለ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው ዶይል ሃስኪንስ ከፒካፑ መስኮት አንገቱን አወጣ።

«አንተ ማነህ የምትጠይቀኝ? መንግሥት ነህ?»

«ጠባቂ ነኝ።»

«ታዲያ ጠብቃ! ወይስ እንቅልፍህ መጣ አያቴ?»

ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። ዶይል ልጅ ሳለ አውቶቡሱ ውስጥ እያስመለሰው ኤልዉድ ስንት ጊዜ ጠርጎለታል። ይህን ሊያስታውሰው ይችል ነበር፤ አላስታወሰውም።

ረፋዱ ላይ ኤልዉድ ታኬት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ጣሰ። በሩን ትቶ ከገዛ መኪናው የመስታወት መፋቂያ ምላጭ አመጣና በዶይል ፒካፕ ጀምሮ ተለጣፊዎቹን ይልጥ ገባ። ሞኝነት ነበር፤ አላሳምርለትም። በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ምላጭ ይዞ በሰው መኪና ላይ አይጎነበስም። ግን ስሙ በሌላ ሰው መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እጁን አጣጥፎ ይቁም ማለትም ለእኔ ዓይነቱ ቀላል ነው። ሰባት ልጦ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ዶይል በእንጨት የተሰካ ቋሊማውን እየገመጠ ከአዳራሹ ብቅ አለ።

«ሌባ! ኑ፣ ሌባው ተያዘ!»

አዳራሹ ሰው ተፋ። አርባ የሚሆኑ ወንዶች ከበቡት፤ እኔም ከመካከላቸው ነበርሁ። የአንዳንዱ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ፣ ያገኘው ባዶ የሽጉጥ ማኅደር ነው። የአንዳንዱ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ነበር፣ ግን ታስሯል፤ አንዱ ጢማም የፕላስቲኩን ማሰሪያ በጥርሱ ሲታገል አይቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ጦር የተነሣው በአንድ ሽማግሌ ላይ ነው። ዶይል ሰደርያውን ጨምድዶ ይዟል።

«ተለጣፊውን ነው የምልጠው! መስታወቱን ዳስሱት፣ ምን ሆነ?» ይላል ኤልዉድ።

«ምላጭ ይዞ ተለጣፊ ነው ይላል እንዴ!»

«ኪሱን ፈትሹት!»

«ሽማግሌ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸውላችሁ!»

ሮይስ እየሮጠ መጣ። «ምን አደረግህብኝ ኤልዉድ? ምን አደረግህብኝ?»

በዚያው ቅጽበት ከሜዳው ማዶ፣ ለትርዒት ፈረሶች ከተሠራው ጋጣ በኩል፣ መስታወት ሲረግፍ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ፤ ከዚያ ሦስተኛ። አርባችንም ዞርን፤ አርባችንም ቆመን ቀረን። አንዲት ግራጫ መኪና ከጋጣው ጥግ ወጣች፣ ሰው በሌለበት በር በኩል በቀስታ አለፈች፣ የመታጠፊያ መብራቷንም አብርታ ወደ አውራ ጎዳናው ታጠፈች። አራት ሽጉጥና አንድ ጠመንጃ ሄደ። ሦስቱም መኪናዎች ተለጣፊ ነበረባቸው። ኤልዉድ የላጣቸው ሰባቱ አልተነኩም፤ ይህ ግን ምንም አያስረዳም፣ ሌቦቹ የነበሩት በሌላው ወገን ነውና። ይህንንም የተናገረው ራሱ ኤልዉድ ነው። በዚያ ቀን እውነትን ወደ ራሱ ያላጎበጠ እሱን ብቻ አየሁ።

ምክትል ሸሪፏ ጆሊን ፕሩት ደርሳ መዝገቧን ከፈተች። ሮይስ ቀደማት። «ጠባቂዬ በር ላይ አልነበረም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?»

«መስታወቱ ሲሰበር ሚስተር ታኬት የት ነበሩ?»

ሁላችንም እናውቃለን። ግን የት እንደ ነበረ መናገር እኛ የት እንደ ነበርን መናገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ያስተማርሁ ሰው ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

«ዶይል፣ እጅህ የት ነበር?» አለ ኤልዉድ።

«የትኛው እጄ?»

«ሰደርያዬን የያዘው።»

ዶይል እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «እሱ እኛው ጋ ነበር። ይዘነው ነበር።»

«ስንት ሆናችሁ?» አለች ጆሊን።

«እንግዲህ… አርባ ብንሆን ነው።»

«አርባ ሰው ሚስተር ታኬትን ይዞ ሳለ ሌቦቹ ማዶ ሦስት መኪና ሰበሩ ብዬ ልጻፍ?»

«እንደ ፈለግሽ ጻፊ።»

«እንደ ሆነው ነው የምጽፈው።»

ጻፈች። ኤልዉድ ጮክ ብላ እንድታነብለት ጠየቃት፤ አነበበች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ልጄ» አላት። ደግማ አነበበች።

«ሥራህ ግን እዚህ ላይ አበቃ» አለ ሮይስ። «የሰው ንብረት ነክተሃል።»

«ነክቻለሁ። ሰባት ተለጣፊ። እሱንም ጻፊው ጆሊን፣ ከስሜ ጋር።» ሰደርያውን አውልቆ በአጥሩ ላይ ሰቀለና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲዘጋ በሩ ላይ የሚያስተናግድ ሰው አልነበረም። ሁለት ሺህ ሰው በአንዴ ለመውጣት ሞከረ። ፒካፕ ለፒካፕ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ፣ ሁሉም ጥሩምባ ነፋ፣ ማንም ለማንም ወደ ኋላ አልል አለ። ሮይስ መካከል ገብቶ እጁን ቢያወናጭፍ ሰደቡት። የኤልዉድ አሮጌ መኪና እንደ ሌላው ሁሉ ተራዋን ይዛ ቆማለች፤ እሱ መስኮቱን አውርዶ ከቤት ያመጣውን የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ ይበላል። እኔ ከሦስት መኪና በኋላ ነበርሁ።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዶይል በመኪናዎቹ መካከል እየተሹለከለከ መጣ። ኮፍያውን አውልቋል።

«ሚስተር ታኬት… ባክዎን ይውረዱና መንገዱን ያስከፍቱልን። እርስዎን ይሰማሉ።»

ኤልዉድ ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰ። «ጆሊን ያነበበችውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ላልሰማው ንገር። አሁን ሂድና መኪናህ ውስጥ ተቀመጥ፤ ተራችን ሲደርስ እንወጣለን።»