ሐጂ ሲገቡ የዘጋሁት ላፕቶፕ

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሲገቡ ሁላችንም ተነሣን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ለአክብሮት ላፕቶፗን ዘጋች። የእኔም እጅ ሳላስበው ክዳኑ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እዚያው ቀረ። የዕለቱ ትምህርት ሩቅ ያለን ሰርቨር ሳይሄዱ ስለ መጠገን ነበር። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙም አልሰማሁም፤ ልቤ ጎንደር፣ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ነበር።

ጊዜው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ከሐጂ ሲራጅ በተከራየው ክፍል ኮምፒውተር ይጠግናል፤ እኔም ያዘዘኝን ሁሉ እሠራለሁ። እንዲያመሰግነኝ በጣም እፈልግ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርስ በርስ አንሰማማም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ የጣራውን ጠብታ ይቆጥራል። ከውጭ የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ይገባል።

ከኮሶዬ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል የበሽተኞቿን መዝገብ የያዘው ሰርቨር መብራት ሲቆራረጥ ተበላሽቶ አልነሣ አላት። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ዳዊት ሊሄድ አልቻለም። መሄድ የማያስፈልግበት ዘዴ ግን ነበረው። መጠገኛው ዲስክ ፋይል ሆኖ እኛ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ በኢንተርኔት በኩል ሲያየው እዚያው የገባለት ዲስክ ይመስለዋል፤ ከእሱ ተነሥቶ ራሱን ይጠግናል። መስመሩ ግን ቀርፋፋ ነበር። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልሳ አንድ በመቶ ደረሰ። ዘጠኝ ሳይሞላ እንደሚያልቅ ገመትን።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ዳዊት ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ሊያመጣ ወጣ። ስልኩን ትቶልኝ፣ ቁልፍም ገመድም እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ።

ወዲያው የሆስፒታሏ ነርስ፣ ሲስተር ሙሉ፣ ደወለች። አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ የሚጥል በሽታ ላለባት ልጃቸው ክኒን ሊወስዱ ከሩቅ በእግራቸው መጥተዋል። የክኒኑ ስም የተጻፈበትን ፖስታ ዝናብ አጥቦታል። መድኃኒቷ በቅርቡ ስለተቀየረ አሮጌው የወረቀት ካርድ አይረዳም። የሽማግሌው ድምፅ ከበስተኋላ ይሰማኝ ነበር።

«ነጭ ናት እኮ። ወገቧ ላይ መስመር አላት።»

«ሁሉም ነጭ ነው አያ» አለቻቸው ሲስተር።

ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲታገሡ ነግሬ ስልኩን ስዘጋ ሐጂ ሲራጅ የሚያፈሰውን ጣራ ሊያዩ ከነጃንጥላቸው ገቡ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ገብቶ ዓይንን ሥራ ላይ ተክሎ መቅረት ንቀት ነው። ብድግ አልኩ፣ ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ወንበሩን በነጠላዬ ጠረግሁላቸው።

«ምነው ዘጋሽው ልጄ? እኔ የመጣሁ ለጣራው ነው፤ ሥራሽን ሥሪ እንጂ።»

ስከፍተው ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። ላፕቶፑ ሲዘጋ ተኝቷል፤ እሱ ሲተኛ ዲስኩ ከሰርቨሩ ፊት ጠፍቷል። ቁልፍ አልነካሁም፣ ገመድ አልነካሁም። ሐጂ ፊቴን አይተው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ስዘጋው ሥራው እንደተቋረጠ ነገርኳቸው። «ደጅ ሆኜ ብጠራሽ ይሻል ነበር» አሉ።

ዳዊት ተመልሶ ሲያይ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን አስቀምጦ ከዜሮ ጀመረ፤ አሁን የሚያልቀው አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ በመቶ እስኪሞላ መጠበቅ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ሙሉ ስትደውል እውነቱን ነገርኳት። ሽማግሌው ወንዙ ሳይሞላ መሻገር አለባቸው ብላ ስልኩን ለአያ ሞላ ሰጠቻቸው።

«ማኪናዋ ታማለች አሉኝ ልጄ። ትዳን፣ ግድ የለም። ለማክሰኞ እመለሳለሁ።»

«አባቴ፣ ለልጅዎ ስንት ክኒን ቀርቷታል?»

«የነገ አላት» አሉኝ።

ማታ ሰርቨሩ ተነሣ፤ አንድም መዝገብ አልጠፋም። ሲስተር ሙሉ ደውላ የክኒኑን ስም አነበበችልኝ፤ ለምን ለእኔ እንዳነበበችልኝ አላውቅም። አያ ሞላ ስልክ የላቸውም። በገበያ ሰው እልክባቸዋለሁ አለች። ማክሰኞ ስደውል አልመጡም፣ ወንዙ ሞልቷል አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የእሷም ስልክ አይሠራም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም። የልጅቱን ስም አልጠየቅሁም፤ የክኒኗን ስም ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ምነው መምህሩ ሲገቡ አልዘጋሽውም? ይቀየሙሻል እኮ» አለችኝ።

ሰው እንዳይቀየመኝ ስል ብዙ ነገር የማደርግ ልጅ ነኝ።

«ይቀየሙኝ» አልኳት።